ስዕሉ ከመጥራቱ በፊት ቦታው ይታወቅ

ይድረስ ለሜትሮሎጂ ተማሪዎችና ሥራ ለጀማሪዎች፤

ስለ መሣሪያ ስትጠይቁኝ ብዙ ጊዜ የምትሉኝ አንድ ነገር ነው፤ «የትኛው ነው አጥርቶ የሚያሳየው?» ጥያቄው አይከፋም፤ ግን ተራው ሁለተኛ ነው። መቅደም ያለበት «ያን ሰዓት ወዴት እያየ ነበር?» የሚለው ነው። የጥንቶቹን የአየር ሁኔታ ሳተላይቶች ታሪክ እንድታነቡ የምወተውታችሁ ለዚሁ ነው።

አሜሪካኖች ቫንጋርድ 2ን ያመጠቁት እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1959 ነው። ግማሽ ሜትር ያህል ስፋት ያላት ድቡልቡል ነገር ነበረች። ሁለት ፎቶሴሎቿ ከደመናና ከምድር የሚንጸባረቀውን ብርሃን ይለኩ ነበር። ሴሎቹ ሠሩ፣ መረጃውም ወረደ። ሳተላይቷ ግን እንደተነካ እንዝርት እየተንገዋለለች ስለዞረች፣ የትኛው ብርሃን ከየት እንደመጣ ለይቶ የደመና ካርታ ማውጣት አስቸገረ።

ቲሮስ 1 ኤፕሪል 1 ቀን 1960 ተከተለች። ሁለት የቴሌቪዥን ካሜራ ነበራት፦ አንዱ በጎን 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን፣ ሌላው 120 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ግን በዝርዝር የሚያሳይ። ከመቀበያ ጣቢያ ስትርቅ በየቴፑ 32 ስዕል ታስቀምጥ ነበር። በ78 ቀን ከ19,000 በላይ ለሥራ የሚሆን ስዕል ሰጥታለች። ነገር ግን ካሜራዎቹ የተገጠሙት ከሥሯ ሲሆን የምትሽከረከርበት ዛቢያ ምድርን ተከትሎ አይዞርም፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዙር ከፊሉን ያየችው ባዶ ጠፈር ነው። ምድርን ስታይም ቢሆን፣ ባለሙያዎች የኬክሮስና የኬንትሮስ መስመር በእጃቸው እስኪያሰምሩበት ድረስ ስዕሉ የማን አገር ደመና እንደሆነ አይታወቅም። ያን አድካሚ ሥራ ማንም አያወሳውም፤ ለእኔ ግን ከካሜራው እኩል ነው።

ከታሪኩ ሁሉ የምወደው ቀጥሎ ያለውን ነው። ዛቢያው ባለበት ይጸናል ተብሎ ሲጠበቅ የምድር መግነጢሳዊ መስክ ቀስ እያለ አዘነበለው። መሐንዲሶቹ ምክንያቱን ሲደርሱበት ከዚያ ኃይል ጋር አልተጣሉም። በቲሮስ 2 ላይ የሽቦ ጥቅል ገጠሙና፣ ከምድር በሚላክ ትእዛዝ ኤሌክትሪክ እየለቀቁበት ዛቢያውን ራሳቸው ያዘነብሉት ጀመር።

እናንተ ዛሬ ስዕሉን የምታገኙት መስመሩ ተሰምሮበት ስለሆነ ሥራው ያለቀ ይመስላችኋል። በተራራማ አገር ግን ጥቂት ኪሎ ሜትር ስሕተት ዝናቡን ከአንዱ ሸለቆ አንሥቶ ሌላው ላይ ያዘንበዋል። ከስዕሉ ጋር የሚመጣውን የሰዓትና የአቅጣጫ መግለጫ ሳታነቡ ትንበያ አትጻፉ።

ጥራቱንስ? ጁላይ 1961 የወጣችው ቲሮስ 3 ያንን አጥርቶ የሚያሳይ ጠባብ ካሜራ አልያዘችም፤ ሁለቱም ሰፊዎች ነበሩ። በሴፕቴምበር አስቴር የተባለችውን አውሎ ነፋስ ከሁሉም ቀድማ አትላንቲክ ላይ ያገኘቻት እሷ ናት።