ቦቶክሱን ፈርተን ፊለሩን ስንደፍር፦ የፊት መርፌ ጥያቄና መልስ

ጅማ ውስጥ የቆዳ ሕክምና ላይ ነው የምሠራው። ስለ ፊት መርፌ የሚወራው ወሬ አሳሰበኝና «የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» አልኩ። የመጡት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነዚህ ናቸው። የጠያቂዎቹን ስም ትቼ ሰፈራቸውን ብቻ ጽፌአለሁ።

ከፈረንጅ አራዳ፦ ዶክተር፣ ቦቶክስና ፊለር አንድ አይደሉም እንዴ? እኛ ሁሉንም ቦቶክስ ነው የምንለው።

አይደሉም። ቦቶክስ ጡንቻ ያዝናናል። ስንቆጣና ስንገረም የሚታጠፈውን የግንባርና የቅንድብ መካከል መስመር ያለሰልሳል። ፊለር ጡንቻ አይነካም፤ የጎደለ ቦታ ነው የሚሞላው። ከንፈር፣ ጉንጭ፣ ከአፍንጫ ወደ አፍ የሚወርደው መስመር የእሱ ናቸው። «ከንፈሬን ቦቶክስ ተሠራሁ» የምትል ሴት አብዛኛውን ጊዜ የተወጋችው ፊለር ነው። ይህን አጥብቄ የምናገረው አደጋቸው ስለማይመሳሰል ነው። ሰው ቦቶክስን «መርዝ» ብሎ ይፈራል። ፊለርን ግን እንደ ቅባት ያቀለዋል። እኔን የበለጠ የሚያስፈራኝ ፊለሩ ነው።

ከሂርማታ፦ ቦቶክስ መርዝ ነው የሚባለው ታዲያ ውሸት ነው?

እውነት ነው። ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም ከሚባል ባክቴሪያ የሚገኝ መርዝ ነው። በደንብ ባልተዘጋጀ የታሸገ ምግብ ውስጥ ከተፈጠረ ሰው ይገድላል። ሥራው ነርቭ ለጡንቻ የሚልከውን መልእክት ማቋረጥ ነው። ለሕክምና ሲሆን ግን መጠኑ እጅግ ትንሽ ነው፤ የሚገባውም በተመረጠ ጡንቻ ውስጥ ብቻ ነው።

ደግሞ ሲጀመር ለውበት አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1989 የተፈቀደው ለተንሸዋረረ ዐይንና ሳይፈልጉት ለሚጨፈን የዐይን ሽፋን ነው። ካናዳ፣ ቫንኩቨር ይሠሩ የነበሩት የዐይን ሐኪም ጂን ካራዘርስ ለዐይን የሚሰጡት መርፌ የቅንድብ መካከልን መስመር እንደሚያለሰልስ አስተዋሉ። ከባለቤታቸው ከቆዳ ሐኪሙ አላስተር ካራዘርስ ጋር ሆነው አጠኑት። ለዚያ መስመር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ዛሬ ማይግሬን ለሚባለው ኃይለኛ ራስ ምታትና ከመጠን ላለፈ የብብት ላብም ይሰጣል።

ለቅንድብ መካከል የተለመደው የቦቶክስ መጠን 20 ዩኒት ነው። የሌላ ፋብሪካ ምርት ዩኒት ግን ከዚህ ጋር እኩል አይደለም። ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን የማያነብ ሰው መጠኑን የሚስተው በዚህ ነው።

ከአጂፕ፦ ፊቴ ደርቆ እንዳይቀር እፈራለሁ። አንዴ ከጀመርኩስ ማቆም እችላለሁ?

ትችያለሽ። ቦቶክስ ከ3 እስከ 4 ወር ሠርቶ ይለቃል። ካቆምሽ ፊትሽ ወደ ድሮው ይመለሳል እንጂ ከድሮው አይብስም። ፊት የሚደርቀው መጠኑ ሲበዛ ወይም ቦታው ሲሳት ነው። አንዳንዴ የዐይን ሽፋን ይወርዳል፤ በሳምንታት ውስጥ ይስተካከላል። መዋጥ፣ መናገር ወይም መተንፈስ ካስቸገረሽ ግን ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። እርጉዝ ከሆንሽ፣ የምታጠቢ ከሆነ ወይም ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባለው የጡንቻ መድከም ሕመም ካለብሽ አትወጊ።

ከቆጪ፦ ፊለር ሰውነታችን ውስጥ ያለ ነገር ነው አሉኝ። ታዲያ ምኑ ያስፈራል?

ልክ ነው፣ በብዛት የሚሠራበት ሃያሉሮኒክ አሲድ በቆዳችን ውስጥ አለ። ችግሩ የት ገባ የሚለው ነው። ፊት በደም ሥር የተሞላ ነው። መርፌው የደም ሥር ውስጥ ገብቶ የፊለሩ ጄል ከተገፋ የደሙን መንገድ ይዘጋል። ደም ያጣ ቆዳ ይሞታል። በአፍንጫና በቅንድብ መካከል ያሉት የደም ሥሮች ደግሞ ከዐይን የደም ሥሮች ጋር ይገናኛሉ። በዚህ መንገድ የዐይን ብርሃናቸውን ያጡ ሰዎች አሉ። በብዛት የሚደርስ ነገር አይደለም። ከደረሰ ግን የጠፋ ዕይታ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም።

የተወጋው ቦታ ቢነጣ፣ መረብ የመሰለ ሐምራዊ ቀለም ቢያወጣ፣ ሕመሙ እየባሰ ቢሄድ ወይም ዕይታሽ ቢደበዝዝ «እስኪ ነገ ድረስ ልየው» አይባልም። በጠይም ቆዳችን ላይ መንጣቱ ጎልቶ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ሕመሙን አትናቂው። ሃያሉሮኒዳዝ የሚባል ጄሉን የሚያሟሟ መድኃኒት አለ። በቶሎ ከተሰጠ ቆዳውን ሊያድን ይችላል። ከመወጋትሽ በፊት «ሃያሉሮኒዳዝ እዚህ አላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ከሌላቸው፣ ወይም ስሙን ሰምተውት ካላወቁ፣ ተነስተሽ ውጪ።

እኛ ጋ የመንገዱም ነገር አለ። ብዙዎች አዲስ አበባ ተወግተው በማግሥቱ ንጋት ላይ አውቶቡስ ይሳፈራሉ። ጅማ ለመድረስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሕመሙ ጊቤ በረሃ ላይ ቢጀምርሽ ማን ያይሻል? አንድ ሁለት ቀን እዚያው ቆዪ። የወጋሽን ሰው ስልክም ሳትይዢ አትውጪ።

ከመርካቶ፦ ዱባይ ስሠራ አንዲት ሴት ቤቷ ውስጥ ከንፈሬን ወጋችኝ። ምን እንደሆነ አላውቅም። አሁን ጠጠር ጠጠር ይላል።

የኔ እህት፣ መጀመሪያ ማንም ሰው በላዩ ላይ ሌላ ነገር እንዳይጨምርበት። ሃያሉሮኒዳዝ የሚያሟሟው ሃያሉሮኒክ አሲድን ብቻ ነው። ፈሳሽ ሲሊኮን ከሆነ አይነካውም። ፈሳሽ ሲሊኮን ለፊት ማስዋቢያ እንዲወጋ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ጨርሶ ፈቅዶ አያውቅም። ከዓመታት በኋላም እብጠትና ጠጠር ሊያመጣ ይችላል። አትጭመቂው፣ አትሺው። እዚያ የቀረች ጓደኛ ካለችሽ የማሸጊያውን ፎቶ እንድትልክልሽ ለምኚያት። ከዚያ ቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂና ያለውን ሁሉ ንገሪው። የሚያሳፍር ነገር የለውም። በሰው አገር ሠርተሽ ባገኘሽው ብር ራስሽን ማስዋብ ፈለግሽ፤ ያጠፋችው የወጋችሽ ናት።

ከቦሳ፦ ያለ መርፌ፣ በአየር ግፊት ፊለር የሚያስገባ ብዕር አይቻለሁ። እሱስ?

በፍጹም። መርፌ ስለሌለው የዋህ ይመስላል። ጄሉ ምን ያህል ጥልቀት እንደሚገባ ግን መቆጣጠር አይቻልም። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2021 ሕዝቡን በግልጽ አስጠንቅቆበታል።

ከመንደራ፦ ሦስት ሆነን አንድ ብልቃጥ ቦቶክስ ብንካፈልስ? ሳሎን ያለች ልጅ ትወጋናለች፣ ዋጋውም ይቀንሳል።

ገንዘቡ ከባድ እንደሆነ ይገባኛል። ግን አታድርጉት። አምራቹ አንዱን ብልቃጥ ያዘጋጀው ለአንድ ታካሚ ነው። ከመከፈቱ በፊት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ፍሪጅ መቀመጥ አለበት። ከተበጠበጠ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። መብራት በሄደ ቁጥር የሳሎኑ ፍሪጅ ምን እንደሚሆን እናንተም ታውቃላችሁ። በሰው ሻንጣ የመጣ ብልቃጥ ደግሞ መንገድ ላይ ስንት ሰዓት እንደሞቀ ማን ያውቃል? በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑን ጠይቁ። ብልቃጡ ዓይናችሁ እያየ ይከፈት። የሚወጋችሁም ሐኪም ይሁን።

ከጅሬን፦ ማድያቴን የትኛው ያጠፋልኛል? የሚያነጣ መርፌስ?

ማድያትን ቦቶክስም ፊለርም አያጠፉም። የማድያት ሕክምና የሚጀምረው ከፀሐይ በመከላከል ነው። ስለሚያነጣው መርፌ ግን እለምንሻለሁ፣ ተዪው። ግሉታታዮን እየተባለ በደም ሥር የሚሰጠውን የፊሊፒንስ ተቆጣጣሪ ለኩላሊትና ለጉበት አደጋ አለው ብሎ አስጠንቅቆበታል። አሜሪካም ቆዳ ለማንጣት የሚወጋ አንድም መድኃኒት አልፈቀደችም።

ከአጂፕ፦ ከመርፌው በፊት ቡና መተው አለብኝ?

ቡናሽን ጠጪ። እንዳይበልዝሽ የምትጠነቀቂው ከአልኮል፣ ከአስፕሪንና ከአይቡፕሮፌን ነው። አስፕሪኑን ሐኪም ለልብ አዞልሽ ከሆነ ግን ሳታማክሪው አታቋርጪ። ከተወጋሽ በኋላ በዚያ ቀን ፊትሽን አትሺ።

ከሂርማታ፣ አንዲት እናት፦ ልጄ፣ ሴት ልጄን ልድራት ነው። ሠርጉ ሊደርስ አሥር ቀን ቀርቶታል። ግንባሯንና ከንፈሯን ልሠራ እያለች ነው። ምን ትለኛለህ?

እማማ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። አሁን አይሆንም። ቦቶክስ ሙሉ ለሙሉ እስኪሠራ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ አንዱ ቅንድብ ከሌላው ከፍ ቢል ማስተካከያው ከዚያ በኋላ ነው። ከንፈር ደግሞ ያብጣል፣ ይበልዛል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጋ ሰው ፊቱ እንዴት እንደሚቀበለው አስቀድሞ አይታወቅም። ከሠርጉ በኋላም ከፈለገች ይዘዋት ይምጡ፤ ቁጭ ብለን እናወራለን። ለአሁኑ ፊቷ ላይ ምንም አዲስ ነገር አትሞክር፣ አዲስ ክሬምም ቢሆን።