እስካምን ድረስ ቅዳሴ ልቅር?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከደሴ ነው። አምና እናቴ ታማ ጸበል አመላለስኳት። መስከረም 21 ግሸን ወጥቼ ተሳልኩላት። በጥር ዐረፈችብኝ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ ላይ አፌ ይመልሳል፣ ልቤ ግን «እውን ይሰማሻል?» ይለኛል። አስመሳይ የሆንኩ ይመስለኛል። እስካምን ድረስ ልቅር?

መልስ፦ አብሽሪ እኅቴ። የእናትሽን ነፍስ ይማርልን። አትቅሪ።

ቶማስ «ጣቴን በችንካሩ ስፍራ ካላገባሁ አላምንም» አለ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እኔን የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ዮሐንስ 20፥26ን አንብቢው። ከስምንት ቀን በኋላ ደቀ መዛሙርቱ ቤት ውስጥ ሳሉ ቶማስም አብሯቸው ነበር። ሳያምን ከሚያምኑት አልተለየም። እነሱም «ውጣልን» አላሉትም። ጌታ የመጣለት እዚያው ነው፣ በሩ እንደተዘጋ። ዳግም ትንሣኤን የምናከብረው ይህንኑ አስበን ነው።

ግሸን ወጥተሻልና ታውቂዋለሽ። ዳገቱ ላይ ጉም ሲወርድ መንገዱ አይታይም። ሰው የፊተኛውን ነጠላ ጫፍ ይዞ ይወጣል። ቅዳሴም እንደዚያ ነው። ካህኑ ኅብስቱን ይዞ የጌታን ቃል ሲያሰማ ሕዝቡ «አሜን አሜን አሜን ነአምን ወንትአመን» ይላል። «እናምናለን» ነው የሚለው፣ «አምናለሁ» አይደለም። የአንቺ ድምፅ ቢደክም አጠገብሽ የቆሙት እናት ድምፅ ይዞሽ ይሄዳል። ይህ ማስመሰል አይደለም። አስመሳይማ የልቡ ባዶነት መች ያስጨንቀዋል?

ብቻሽን ስትሆኚ የዚያን የታመመ ልጁን ይዞ የመጣ አባት ጸሎት ጸልዪ፦ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» (ማር. 9፥24)። አጭር ናት፣ ሊጥ እያቦካሽም ትባላለች። «የሱ ልጅ ድኗል፣ የኔ እናት ግን ሞታለች» ትይኝ ይሆናል። እውነትሽን ነው። ለምን እንዳልዳነች እኔ አላውቅም። «እምነትሽ አንሶ ነው» የሚልሽን ግን አትስሚው። ጌታ ራሱ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አልቅሷል። ኀዘንሽን ክሕደት ብለሽ አትጥሪው።

ስለ ሥጋ ወደሙ ብቻሽን አትወስኚ። ለንስሐ አባትሽ ይህንኑ ለኔ እንደጻፍሽው ንገሪያቸው፣ አታሳምሪው።

እሑድ ኪዳን ሳይደርስ ተነሺ። እናትሽ ትቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ቁሚ።