መልስ፦ በአንድ ጉባኤ መቆየት ለምን ይጠቅማል?

ወንድሜ፣ «በየዓመቱ ቤተ ክርስቲያን እቀያይራለሁ፤ በመንፈስ ግን አላደግሁም» ብለሃል። ስብከት ከየትም ይገኛል፤ ሰው ግን በአንድ ጀምበር አያውቅህም። ይቅርታ የሚለመደው ካስቀየመህ ሰው ጋር በሚቀጥለው እሑድም አብረህ ስትጸልይ ነው። እኔ ከአንድ አገልጋይ ጋር ተኳርፌ ልወጣ ነበር፤ ቆየሁ፣ ታረቅን፤ ዛሬ ድካሜን ሳልሸፍን የምነግረው ለእርሱ ነው። ዕብራውያን 10፥25 መሰብሰባችንን እንዳንተው ሲያሳስብ፣ ቁጥር 24 ምክንያቱን አስቀድሞ ይነግረናል፦ ለፍቅርና ለመልካም ሥራ እንድንነቃቃ። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ያሉ የቤኔዲክቶስ ማኅበር መነኮሳትም ከ6ኛው መቶ ዘመን በወረሱት ሥርዓት በአንድ ማኅበር ጸንተው ለመኖር ይሳላሉ። (በደል የሚሸፈንበት ቦታ ከሆነ ግን ውጣ፤ ጽናት ያንን መታገሥ አይደለም።) አሁን ባለህበት አንድ ትንሽ አገልግሎት ያዝ፤ ወንበር ማስተካከልም ቢሆን። ስትቀር «የት ነበርክ?» ብሎ የሚጠይቅህ ሰው እንዲኖር ዕድል ስጠው።