ሳልሰማው አምፕ ልግዛ ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ አምዳችሁን ሁሌ ነው የማነበው። ቢ ኤንድ ደብሊው 804 ዲ3 ስፒከር እጄ ገባልኝ፣ ግን ያለኝ የሆም ቲያትር ሪሲቨር ድምፁን ትንሽ ከፍ ሳደርገው ራሱን ያጠፋል። ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ ለገና ስትመጣ ፓወር አምፕ (ለስፒከር ጉልበት የሚሰጠውን ማጉያ) ይዤልህ ልምጣ ብላኛለች። እዚህ አዲስ አበባ ገብቼ የምሰማበት ሱቅ አላገኘሁም፣ ሪቪው ሳነብ ደግሞ አንዱ "ሞቅ ያለ ድምፅ" ሌላው "ደረቅ" እያለ ጭራሽ አዞሩኝ። ሳልሰማ ይሄን ሁሉ ብር ላውጣ? የሳር ቤቱ አንባቢያችሁ

መልስ፦ አውጣ ወንድሜ። ስፒከር ቢሆን ኖሮ ተው ነበር የምልህ፣ እሱ እያንዳንዱ የራሱ ድምፅ አለው፣ በደንብ የተሰራ ትራንዚስተር አምፕ ግን ስራው የመጣለትን ሲግናል ሳይነካካ ማሳደግ ብቻ ነው። ስቴሪዮ ሪቪው የሚባለው የአሜሪካ መጽሔት በ1987 እ.ኤ.አ. የትኛው አምፕ እየተጫወተ እንደሆነ ሳይነግር ሰዎችን አሰምቶ ርካሹን ከውዱ መለየት አቅቷቸዋል፣ ስለዚህ "ሞቅ ያለ" ምናምን የሚለውን እለፈው። በርግጥ ይሄ የሚሰራው አምፑ ከአቅሙ በላይ ካልተጠየቀ ነው፣ ያንተ ሪሲቨር ደግሞ የተሸነፈው እዛ ላይ ይመስለኛል።

ስፒከርህ ወረቀቱ ላይ 8 ኦም ይላል አይደል (ኦም ማለት ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ ነው)፣ ከጎኑ በትንሹ የተጻፈውን ካየህ ግን አንዳንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ እስከ 3 ኦም ይወርዳል፣ ያኔ አምፑ ብዙ ከረንት ይጠየቃል፣ ደካማ ከሆነ ይግላል ወይ ፕሮቴክሽን ውስጥ ይገባል፣ ማለትም ራሱን ለማዳን ይጠፋል። ስለዚህ ስትመርጥ የ8 ኦሙን ዋት ብቻ አትይ፣ የ4 ኦሙንም እይ። 8 ላይ 150 ዋት ብሎ 4 ላይ ወደ 300 የሚጠጋ ጎበዝ ነው፣ የ4 ኦሙን ጨርሶ የማይጽፍ ካምፓኒ ካጋጠመህ ዝለለው። 400 ዋት ምናምን እያልክ ደግሞ አትቸገር፣ ዋቱ በእጥፍ ሲጨምር የምታገኘው 3 ዴሲቤል፣ ማለትም ትንሽ የድምፅ ጭማሪ ብቻ ነው፣ የስፒከርህ ሴንሲቲቪቲ (በትንሽ ጉልበት ምን ያህል እንደሚጮህ የሚያሳየው ቁጥር) 89 ዴሲቤል ስለሆነ ለተራ ሳሎን ከ150 እስከ 200 ዋት ከጎረቤት ያጣላሃል።

አሁን ከድምፁ በላይ እኔን የሚያሳስበኝ ሶኬቱ ነው። የአሜሪካ እቃ 120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው፣ የኛ 220 ቮልት 50 ኸርዝ፣ ሳታይ ብትሰካው በፊውዝ ከተገላገልክ እድለኛ ነህ። ትራንስፎርመር ገዝቼ አወርደዋለሁ ትል ይሆናል፣ እሱ ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም፣ ለ60 ብቻ የተሰራ አምፕ 50 ላይ የውስጥ ትራንስፎርመሩ ሊግል፣ ሊጮህም ይችላል። አንዳንዱ ውስጡ ተከፍቶ ነው ወደ 230 የሚቀየረው፣ እሱን እዛው አስቀይራ ካመጣችው ደግሞ ቤቷ ሰክታ መሞከር አትችልም። ለኔ የሚሻልህ ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ የሚል ነው፣ እንደነ ሃይፔክስና ፑሪፊ ያሉ ካምፓኒዎች የሚሰሩት ሞጁል የገባባቸው ክላስ ዲ አምፖች (ጉልበት ሳያባክኑ የሚሰሩት አይነት) ላይ ብዙ ጊዜ ታገኘዋለህ፣ ግን ሁሉም እንደዛ ስላልሆነ አረጋግጥ። ደግሞ ቀላል ናቸው፣ የድሮ አይነቱ ትልልቅ ክላስ ኤቢ አምፕ ብቻውን 40 ኪሎ ሊመዝን ይችላል፣ የአየር መንገድ አንድ ሻንጣ 23 ኪሎ ነው፣ እህትህን አስባት እንጂ!

ሳትሰማ እንዳትገዛ የምልህ የቲዩብ አምፕ (በትራንዚስተር ፋንታ የመስታወት ቲዩብ ያለው) ብቻ ነው፣ የሱ ድምፅ እንደምታገናኘው ስፒከር ይቀያየራል፣ ያንተ ስፒከር ላይ ምን እንደሚሆን ከወረቀት ለመገመት ይከብዳል።

እህትህ ከመክፈሏ በፊት ሻጩን የጀርባውን ፎቶ ትጠይቅልህ፣ ቮልቱ የተጻፈበት ጥርት ብሎ የሚነበብ ይሁን። ሲደርሳት ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ሳትከተው ቤቷ ሰክታ ሁለቱንም ቻናል ታጫውተው፣ መመለሻ ጊዜው ሳያልፍ። ካርቶኑንና ፎሙን እንዳትጥል ንገራት።