ከኢንጂነሪንግ ወደ ፍልስፍና ማስተርስ፣ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ አምዳችሁን ሁሌም አነባለሁ። የመጀመሪያ ዲግሪዬ ኢንጂነሪንግ ነው፣ አሁን በኮርስ የሚሰጥ የፍልስፍና ማስተርስ አመልክቼ ተቀበሉኝ። ደስ ብሎኝ ነበር ግን የንባብ ዝርዝሩን ሳይ ፈራሁ፣ ፕላቶ፣ አሪስቶትል፣ ካንት፣ ሄግል... ይሄን ሁሉ አንብበው በሚመጡ ልጆች መሃል ቁጭ ብዬ ምን ልናገር ነው? 4 ወር አለኝ፣ ምን ላንብብ? አደራ መልሱልኝ።

መልስ፦ እህቴ እንኳን ደስ አለሽ! ፍርሃትሽ ይገባኛል፣ እኔም ከሌላ ትምህርት ነው የገባሁት። ከመጀመሩ በፊት ወራቱን በሙሉ የፍልስፍና ታሪክ ሳሯሩጥ ከረምኩ፣ ከታሌስ እስከ ሳርትር። ማን ምን አለ ብትዪኝ እመልስልሻለሁ፣ ለምን አለ ስትዪኝ ግን ዝም ነበር።

የኤፒስተሞሎጂ (እውቀት ምንድነው ብሎ የሚጠይቀው የፍልስፍና ዘርፍ) የመጀመሪያ ንባባችን እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የፈላስፋው ኤድመንድ ጌቲየር ጽሁፍ ነበር፣ እውቀት ማለት በቂ ምክንያት ያለው እውነተኛ እምነት ነው የሚለውን ሃሳብ የሚሞግት፣ 3 ገጽ ብቻ፣ እኔ በ15 ደቂቃ ጨርሼው ወደ ሌላ ሄድኩ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ስሚዝ እና ጆንስ ለአንድ ስራ ያመለክታሉ፣ ስሚዝ ስራውን ጆንስ እንደሚያገኝ ከድርጅቱ ሃላፊ ሰምቷል፣ ጆንስ ኪስ ውስጥ 10 ሳንቲም እንዳለም ቆጥሯል፣ ስለዚህ "ስራውን የሚያገኘው ሰውዬ ኪሱ ውስጥ 10 ሳንቲም አለው" ብሎ ያምናል። ስራውን ግን ያገኘው ራሱ ስሚዝ ነው፣ ሳያውቀው የሱም ኪስ ውስጥ 10 ሳንቲም አለ! እምነቱ እውነት ነው፣ በቂ ምክንያትም ነበረው፣ ግን አወቀ ይባላል?

እኔ እዚህ ድረስ ገብቶኛል ብዬ ሴሚናር ገባሁ። መምህራችን "ጌቲየር ምሳሌውን ከማምጣቱ በፊት ሁለት ነገር ተቀበሉኝ ይላል፣ ምን ምን ናቸው?" ሲል ክፍሉ ጸጥ፣ ብዙ ያነበቡትም ጭምር። አንዱ፣ ሰው ሃሰት የሆነን ነገርም በበቂ ምክንያት ሊያምን ይችላል የሚለው ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ በበቂ ምክንያት ካመንሽው ነገር ተነስተሽ በትክክል የደረስሽበት መደምደሚያም በቂ ምክንያት አለው የሚለው። አንዱን እምቢ ካልሽ ምሳሌው አይቆምም። የቀረውን ሰአት በሙሉ እዚች ላይ ስንከራከር ዋልን፣ እኔም ትምህርቱ ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ስለዚህ 4 ወሩን መጽሐፍ በመቁጠር አትጨርሺው። አምስት ስድስት አጫጭር ጽሁፍ ምረጪ፣ እያንዳንዱን ሶስቴ አንብቢ፣ ከዛ በአንድ ገጽ በራስሽ ቃል ጻፊው፦ መደምደሚያው ምንድነው፣ በየትኞቹ ሃሳቦች ላይ ቆሟል፣ የትኛው ቢነካ ነው የሚፈርሰው። ሎጂክም (መደምደሚያ ከመነሻው በትክክል መምጣቱን በምልክት የሚፈትሸውን ትምህርት) ጀምሪ፣ ኢንጂነር ስለሆንሽ ምልክቱ አያስፈራሽም፣ እንደውም እዚህ ላይ ከብዙዎቹ ትቀድሚያለሽ።

ፔፐር ስትጽፊ "የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ" ብለሽ አትጀምሪ፣ እኔ ጀምሬ ሙሉ አንቀጹ ተሰርዞ ተመልሶልኛል። የመጀመሪያው አረፍተ ነገር ላይ ምን ልታሳዪ እንደሆነ ተናገሪ በቃ።

ቴሲሱ ኮርሱ ሲያልቅ ነው የሚመጣው ግን ጥያቄሽን ቀድመሽ አጥብቢው። "ነጻ ፈቃድ አለ ወይ?" ለአንድ ቴሲስ አይሆንም። ፈላስፋው ሃሪ ፍራንክፈርት እ.ኤ.አ. በ1969 አንድ ሰው ሌላ አማራጭ ባይኖረውም ለድርጊቱ ተጠያቂ ሊሆን ይችላል ብሎ ተከራክሯል፣ እሱ ላይ ከተነሱት ተቃውሞዎች አንዷን ይዘሽ ታስኬዳለች ወይ ብትዪ ግን ስራ ነው፣ አድቫይዘርሽም ደስ ብሎት ያነብልሻል። ፒኤችዲ ካሰብሽ ደግሞ ብዙ ቦታ የጽሁፍ ናሙና ይጠይቁሻል፣ እሱም ከዚሁ ነው የሚወጣው።

ሴሚናር ላይ ምን ልናገር ላልሽው፣ "ይሄኛው ሃሳብ ከዛኛው እንዴት እንደመጣ አልገባኝም" በይ። ከልብሽ ጠይቂው፣ አጠገብሽ ያለውም ሳይገባው ዝም ብሎ ሊሆን ይችላል።