አንዱ ይከብዳል፣ አንዱ ያመልጣል

ከዴዶ አንድ ወጣት ጽፎልኛል። ከአያቱ ሁለት አሮጌ አንድ ጎራሽ ጠመንጃ ወርሷል፤ አንዱ ውጅግራ፣ አንዱ ሬሚንግተን። «ጋሼ፣ የሬሚንግተኑ ምላጭ ጣት ያደክማል። ውጅግራው ደግሞ መዝጊያውን ጠንከር አድርጌ ስዘጋው አንዳንዴ ሳልነካው ቀጭ ይላል። አንዱን ግድግዳ ላይ ልሰቅለው፣ አንዱን በደንብ አሠርቼ ላስቀምጠው አስቤያለሁ። የትኛው ለየትኛው ይሁን? ምላጩንስ ማቅለል ይቻላል? ቪዲዮ ላይ ባለ ሁለት ምላጭ አይቼ ልቤ ሸፍቷል» ይላል።

ወንድሜ፣ አንተን ያስጨነቀህ የሚከብደው ነው። እኔን ያስጨነቀኝ የሚያመልጠው ነው። ከባድ ምላጭ በሽታ አይደለም። ሳይነኩት የሚወድቅ ግን በሽታ ነው።

ከሁሉ በፊት ሁለቱም ባዶ መሆናቸውን አረጋግጥ። «አያቴ ባዶ ነው ብሎኛል» አይሠራም። ቀጭን ቀጥ ያለ እንጨት በአፈሙዙ በኩል እስኪቆም አስገባና አፉ ላይ ምልክት አድርግ። ከዚያ አውጥተህ ምልክቱን ከአፈሙዙ ጋር አስተካክለህ በውጭ በኩል በርሜሉ ላይ አስተኛው። እንጨቱ እስከ መዝጊያው ፊት ከደረሰ ባዶ ነው። ጣት ሁለት ጣት እንኳ ካነሰ ውስጡ የሆነ ነገር አለ፤ አስቀምጠውና ለሚያውቅ ሰው ንገር። በሃምሳ ዓመቱ ጎርሶ የተገኘ ጠመንጃ በእጄ ይዣለሁ።

አሁን ወደ ውጅግራው። ስሙ የመጣው ከፈረንሳይኛው «ፉዚል ግራ» ነው። ፉዚል ጠመንጃ ማለት ነው፤ ግራ ደግሞ የሠራው መኮንን፣ ባዚል ግራ። እ.ኤ.አ. በ1866 የወጣው የፈረንሳይ ጠመንጃ በወረቀት የተጠቀለለ ጥይት ነበር የሚጎርሰው። ግራ በ1874 የናስ ቀለህ እንዲጎርስ አደረገው። በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ በብዙ ወታደር እጅ የነበረው ይኸው ነው። መዝጊያው እንደ በር መቀርቀሪያ ወደ ኋላ ይሳባል፣ ወደ ፊት ይገፋል፣ እጀታው ወደ ታች ይታጠፋል። የሚቆልፈው ያው የእጀታው ሥር ነው። የጥይቱን ቂጥ የሚመታውን መርፌ የሚገፋው ሞላ መዝጊያው ውስጥ ተደብቋል። ከውጭ የሚያስተማምን ማቆሚያ የለውም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። የተወጠረውን መርፌ ይዞ የሚያቆመው አንዲት ጥርስ ናት። ጥርሷ ከመርፌው ተሸካሚ ጥግ ጋር የምትገናኘው በጣም ጥቂት ቦታ ላይ ነው። ያ ጥግ ከዶለዶመ፣ ወይም ከሥሯ ያለው ጠፍጣፋ ሞላ ከደከመ፣ መዝጊያው ሲመታ ትንሸራተታለች። አንተ «ቀጭ» ያልከው ድምፅ እሱ ነው። ጥይት ቢኖርበት ቀጭ አይልም ነበር።

ጥርሷን ለማየት እኔ የምጠቀመው የኩራዝ ጥቀርሻ ነው። ትናንት ማታ እንኳ ባለ ሦስት እግሯ በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብዬ የአንዱን ሳይ ነበር። ጥርሷን ኩራዙ ጭስ ላይ ያዝ አድርጌ አጠቆርኳት። መልሼ ገጠምኩ፣ ወጠርኩ፣ ቀስ ብዬ ለቀቅኩ። ሳወጣት ጥቁሩ የተላጠው በአንድ ጎን ብቻ ነው፤ የስንዴ ፍሬ ግማሽ አይሆንም። ጤነኛ ቢሆን ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ መስመር ይላጥ ነበር። ያን ያህል ጠመንጃ በዚያች ላይ ነው የተንጠለጠለው።

ታዲያ «በሞረድ ላስተካክላት» ትል ይሆናል። አትንካት! የድሮ ሰው የእነዚህን ክፍሎች ላይኛ ገጽ በእሳት አጠንክሮታል። የጠነከረው ግን ቆዳው ብቻ ነው፤ ከወረቀት ብዙም አይወፍር። ሥሩ ለስላሳ ብረት ነው። ሞረዱ ቆዳውን ሲወስደው ምላጩ ለሳምንት ቅቤ ይሆናል። ከዚያ ለስላሳው ብረት ይዶለድምና ማምለጥ ይጀምራል።

ይህን ከሰው አልሰማሁትም። ተለማማጅ ሳለሁ አንድ ገበሬ «ቀለል አድርግልኝ» ብሎኝ ሁለት ሦስቴ ሞረድ አሳረፍኩበት። አመስግኖ ሄደ። በወሩ ተመለሰ። ሰደፉን መሬት ላይ ሲያሳርፈው ራሱ ተኩሶ የማድ ቤቱን ቆርቆሮ በስቶታል። ሚስቱ እንጀራ እየጋገረች ነበር። አልጮኸብኝም። ጠመንጃውን ሞርሳው ላይ አስቀመጠና ዝም ብሎ አየኝ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

ሬሚንግተኑ ሌላ ጠባይ ነው። በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ የመጣው የግብፅ ጦር የያዘው እንዲህ ያለውን ነበር፤ ሲሸነፍ ብዙው እዚሁ ቀረ። አሠራሩን ሳየው ዛሬም ደስ ይለኛል። መዶሻውን ወደ ኋላ ትስባለህ፣ መዝጊያውን በአውራ ጣትህ ታንከባልለዋለህ፣ ታጎርሳለህ፣ ትመልሰዋለህ። ምላጩን ስትስብ መዶሻው ሲወድቅ ከመዝጊያው ሥር ገብቶ ይደግፈዋል። የባሩዱ ግፊት በጨመረ ቁጥር አንዱ ሌላውን ይበልጥ ያጣብቀዋል። ሁሉን የሚሸከሙት ሁለት ወፋፍራም ስፒናዎች ናቸው። መዶሻው ውጭ ስለሆነ መወጠሩን በዓይንህ ታያለህ፤ በጨለማ በእጅህ ትዳስሳለህ።

ምላጩም ቀላል ነው፤ የምላጩ አፍንጫ ራሱ መዶሻው ጥርስ ውስጥ ይገባል፣ በመሀል ሌላ ነገር የለም። ለወታደር የተሠራ ስለሆነ እንዲከብድ ነው የተፈለገው። ለመመዘን የ2 ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልተህ በገመድ ምላጩ ላይ አንጠልጥል። ጠመንጃው ባዶ፣ አፈሙዙ ወደ ላይ፣ መዶሻው የተወጠረ ይሁን። መርፌው እንዳይጎዳ መዶሻው ፊት ቁራጭ ቆዳ አድርግ። ሃይላንዱን ከቻለ ጤነኛ ነው። ተጨማሪ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ቢፈልግም አትደንግጥ።

ያንተ ግን «ጣት ያደክማል» ስትል ከዚህ ያለፈ ሳይሆን አይቀርም። የዴዶን ቤት አውቀዋለሁ፤ ጠመንጃው የሚሰቀለው ምድጃው በላይ ነው። ጭሱ፣ የድሮው ዘይት፣ አንዳንዴም የተቀባ ቅቤ አንድ ላይ ደርቀው ሙጫ ይሆናሉ። ከዚያ ክረምቱ ይመጣል። የእኛ አገር ክረምት ብረት ብቻ አይደለም የሚያዝግ፤ እንጨቱም ያብጥና ምላጩን በጎን ይይዘዋል። ጥሩ ልክ ባለው ካቻቢቴ ይፈታ፣ ነጭ ጋዝ ውስጥ ይደር፣ በጥርስ ብሩሽ ይታጠብ፣ ቀጭን ዘይት ጠብ ይደረግለት። ከክብደቱ ብዙው እዚያው ይቀራል። የብርጭቆ ወረቀት ጥርሱ አጠገብ አይድረስ። ሞላውንም ቆርጠህ አታሳጥር፤ መዶሻው ይደክምና መቆለፉም ይደክማል።

ስለ ባለ ሁለት ምላጩ። ያየኸው ምናልባት ዊንቸስተር 1885 የሚባለው የአሜሪካ ጠመንጃ ነው፤ ጆን ብራውኒንግ የነደፈው፣ መዝጊያው ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ። አንዱ ምላጭ ያዘጋጃል፣ ሌላው በትንፋሽ ያህል ይለቃል። የጀርመንና የስዊስ ዒላማ ተኳሾች የሚወዱት ነው። ተኳሹ ቆሞ፣ አነጣጥሮ፣ ከዚያ ብቻ ነው የሚያዘጋጀው። የጦር ሬሚንግተን ሆድ ውስጥ እንዲህ ያለ ምላጭ ለማስገባት ብረቱን መፈልፈል ይጠይቃል። አያትህ ያቆየልህን በቶርኖና በብየዳ አታበላሽ።

ስለዚህ ምርጫዬ፦ የሚሠራው ሬሚንግተኑ ይሁን። ግን መጀመሪያ መዶሻውን ወጥረህ ከኋላው በአውራ ጣትህ ወደ ፊት ጠንክረህ ግፋው፤ ከወደቀ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። መዶሻው ወርዶ ሳለም መዝጊያውን ነቅንቀው። ቋ ቋ ካለ ስፒናዎቹ አልቀዋል፣ እሱም ለግድግዳ ነው።

ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ውጅግራው ይሁን። ምክንያቴ አንድ ነው፤ መዝጊያው ሙሉ በሙሉ ይወጣል። አውጥተህ በዘይት ጨርቅ ጠቅልለህ ሳጥን ውስጥ ቆልፍበት። ግድግዳው ላይ የቀረው ብረትና እንጨት ብቻ ነው፤ የልጅ ልጅህ ቢያወርደውም አይተኩስም።

«ይሠራል» ስልህ ደግሞ ይተኩስ ማለቴ አይደለም። ሁለቱም 11 ሚሊሜትር የጥቁር ባሩድ ጥይት ነበር የሚጎርሱት። የዛሬውን ጥይት «ገባ» ብለህ ብትሞክር መዝጊያው ዓይንህ ውስጥ ነው የሚያርፈው። ወረቀቱም በአያትህ ስም ከሆነ፣ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት በፖሊስ በኩል ወደ ስምህ አዙር። ያለ ፈቃድ ይዘኸው ታክሲ ላይ አትውጣ፤ እኔም አልቀበልህም።

ስታመጣው የውጅግራውን መዝጊያ ለብቻ፣ አካሉን ለብቻ ጠቅልል። ጥርሷን አትጥረግብኝ፣ ቆሻሻዋን እንዳለች ማየት እፈልጋለሁ። ሐሙስ ግን አትምጣ፤ ገበያ ነው፣ ወርክሾፑ በር ላይ መቆሚያ አይኖርህም።