ሱቃችን ይሠራል፣ ባለቤቴ ግን «አገሪቱ አብቅቶላታል» ይለኛል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ከባለቤቴ ጋር ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና የምንሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችን። ገበያው እንደ ድሮው ባይሆንም ኪራይ እየከፈልን ልጆች እያስተማርን ነው። ባለቤቴ ግን ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት ስልኩ ላይ የቢዝነስ ዜና ይከፍታል፤ ዶላር፣ ዕዳ፣ የተዘጋ ፋብሪካ። ማታ «አገሪቱ አብቅቶላታል፣ ማንም ቢመጣ አያድናትም» ይላል። የእኛን ደብተር እየው ስለው «አንቺ የምታይው ሱቅሽን ብቻ ነው» ይለኛል። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ እህቴ፣ የባለቤትሽ ነገር የብዙ ሰው ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በመራጮች ላይ የተሠሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ሰው መንግሥትን የሚመዝነው ከራሱ ኪስ ይልቅ «አገሪቱ እንዴት ናት?» ብሎ ነው። የራሱን ኪስ ማንም ያውቀዋል። የአገርን ኢኮኖሚ ግን በዓይኑ ያየ የለም፤ የምንሰማው በዜና ነው።

ዜና ደግሞ በአንድ ቀን 300 ሠራተኛ የበተነ ፋብሪካን ይዘግባል። አንዷ ሻይ ቤት ከፍታ፣ ሌላው ባጃጅ ይዞ፣ በየተራ ሥራ የጀመሩ 300 ሰዎችን ማን ይዘግባቸዋል? ጋዜጠኛው ዋሸ ማለቴ አይደለም። በዚያ ላይ መጥፎ ወሬ ከጥሩው ይልቅ ልብ ውስጥ ይቀራል። ምሳሌ ልስጥሽ፤ የአሜሪካ ኢኮኖሚ ከገባበት ውድቀት መውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በማርች 1991 ነበር፤ ፕሬዚዳንቱ አባትየው ጆርጅ ቡሽ ግን በኖቬምበር 1992 ምርጫ በክሊንተን ተሸነፉ። ሥራ አጥነቱ ገና ከፍ ያለ ስለነበር መራጩ ዝም ብሎ አልተሳሳተም፤ ግን ማገገሙ በይፋ የተነገረው እንኳ ከምርጫው በኋላ ነው።

ወደ እኛ ልምጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ይህ የምር መጥፎ ዜና ነው። ያን ሰሞን ግን ሱቅ ውስጥ ሆነሽ አይተሽው ይሆናል፤ መደርደሪያ ላይ ያለው ዘይት የገባው በድሮው ዶላር ነው፣ ዋጋው ግን ከዜናው ጋር ሄደ። ሻጩ «ነገ ይጨምራል» ብሎ ያስቀምጣል፣ ገዢው «ነገ ይጠፋል» ብሎ ሁለት ጄሪካን ይወስዳል።

አሁን ባለቤትሽ ልክ ወደሆነበት ልምጣ። በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ የነበረው የዋጋ ንረት በ2017 ከ20 በመቶ በታች ወረደ ሲባል «ውሸት ነው!» ሳይል አይቀርም። ብዙ ሰው ይላል። ንረት ወረደ ማለት ዋጋ ወረደ ማለት አይደለማ! 100 ብር የነበረ ዕቃ 130 ገብቶ፣ በዓመቱ 150 ቢሆን ንረቱ ከ30 በመቶ ወደ 15 በመቶ ገደማ ወርዷል ይባላል፤ ሰውየው ግን 150 ብር እየከፈለ ነው። ባለሥልጣን ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ ይህን ሳያስረዳ «ተረጋግቷል» ሲል ያናድደኛል፤ ሰሚ ያጣል፣ ከዚያ በኋላ ሰው የሚያምነው ጨለማውን ዜና ብቻ ይሆናል።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ትራምፕ ሲያሸንፉ፣ ደጋፊዎቻቸው በሳምንታት ውስጥ ኢኮኖሚው ተሻለ አሉ፣ ተቃዋሚዎቻቸው ባሰ አሉ። ኢኮኖሚው ያው ነበር። ባለቤትሽም መንግሥት ስላስከፋው መጥፎ መጥፎውን እየመረጠ እየሰማ ሊሆን ይችላል። አንቺም ተስፋ ስለፈለግሽ ደህና ደህናውን እያየሽ ይሆናል። ስለ ሱቃችሁ ያልሽው ልክ ነው፤ ግን ጣና ዳር ወርደሽ ቱሪስት ወደ ዘጌ ገዳማት የሚያመላልስ ባለጀልባ ብትጠይቂ ሌላ ነገር ነው የሚነግርሽ።

እኔን የከነከነኝ «ማንም ቢመጣ አያድናትም» የሚለው ነው። እንዲህ ያለ ሰው መንግሥትን መተቸትም ይተዋል፤ ምንም አይጠይቅም። ስለዚህ ክርክሩን ወደ ሱቁ አምጪው። «ከሰማኸው ዜና የትኛው ነው እኛን የነካን?» በይው። የዱቤ ደብተሩን ክፈቱ፤ ዘንድሮ ደመወዝ ሲወጣ የሚከፍሉት ደንበኞች ቁጥር ቀንሷል ወይ? አከፋፋዩ ስኳር ላይ ስንት ጨመረ? ግብሩስ? መብራት ስንት ቀን ጠፋ? ከዚያ የግብሩን ለገቢዎች፣ የመብራቱን ለመብራት ኃይል ማቅረብ ይቻላል። ደብተሩን አይታችሁም ካልተስማማችሁ መልሰሽ ጻፊልኝ።